ሰንበት ያረፈችው ፒካፕ

ባለፈው ሳምንት ከመናኸሪያው በታች ባለው መንገድ ስወርድ አንድ ሽታ አስቆመኝ። ፎቅ የሚሠሩ ሰዎች ሲሚንቶ የሚሞሉበትን ጣውላ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባሉ፤ ሲሚንቶው እንዳይጣበቅበት ነው አሉኝ። አንደኛው ሠራተኛ፣ "እናት፣ ልብስዎን እንዳይነካዎት" ብሎ ጣውላውን ወደ ውስጥ ሳበልኝ። ጥቁር መልበሴን አይቶ ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገው። እኔ ግን ስለ ልብሴ አላሰብኩም። ያ ሽታ ባለቤቴ ሞገስ ከሥራ ሲገባ ከአንገቱ ሥር የሚሸተኝ ሽታ ነው። ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ጋቢውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ሸሚዞቹንም ለሰው አልሰጠሁም፤ ግን ሁሉም ታጥበዋልና የሚሸቱት ሳሙና ሳሙና ነው። እሱን ያገኘሁት እዚያ ከቆሸሸው ባልዲ አጠገብ ነው። ሰዎቹ እስኪያፍሩ ድረስ ቆሜ ቆየሁ። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። የምጽፈው በቀን ጥቂት መስመር ነው፤ እጄም ይደክማል፣ ሐሳቤም እንደዚያው።

ያን ጊዜ ደሃና በሚባለው ወረዳ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ሰቆጣ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ስመደብ እያለቀስኩ ነበር የሄድኩት፤ በኋላ ግን ያችን አንድ መንገድ ብቻ ያላትን ከተማ ወደድኳት። ከላይ ጤና ጣቢያው፣ ከታች ትምህርት ቤቱ፣ መሐል ላይ ወፍጮ ቤቱና የጨርቃ ጨርቅ ሱቁ። በሱቁ ደጃፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ማር በቅል ይዘው የሚመጡ ሰዎች ይደረደራሉ። ለሴቱ የዘመኑ ልብስ አበባ የጣለበት ቴትሮን ቀሚስ ነበር፤ ታጥቦ አይጨማደድም፣ በበጋ ግን ብብት ይፈጃል። ወንዱ ኮንጎ ጫማ ያደርጋል። ሞገስ ብቻ የቆዳ ጫማ ነበረው፤ ፍሬን ሲረግጥ እንዳያንሸራትተው ሶሉን በአሮጌ ጎማ አስለውጦት ነበርና ሲራመድ ድምፅ የለውም፤ ሳላውቅ ከኋላዬ ቆሞ ያገኘሁት ብዙ ቀን ነው። ዛሬ እዚህ ሰቆጣ አስፋልቱ መጥቶ ባጃጁ በዝቶ፣ አንድ ሰው በዝግታ ከኋላዬ ሲመጣ እንኳ እዞራለሁ።

የሞገስ ፒካፕ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣች ደብል ጋቢና ነበረች። ነጭ ነበረች ይላሉ፤ እኔ ስደርስባት የመንገዱን አፈር መስላለች። በውስጧ አንዲት ካሴት ብቻ ነበረች። ካሴቷ ከሙቀቱ የተነሣ ተጣማ፣ ዘፋኙ "ነይ" ብሎ ሲጣራ ትንተባተባለችና ጥሪው እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ ይረዝማል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ስትገዛም አይሠራም። ይህ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፤ ለሞገስ ግን እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነበር። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ፣ ሹፌሩ ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜ አሳልፎ "አንድ ጉዞ ብቻ፣ አንድ ጉዞ ብቻ" ሲል ሞተሩ ዳገት ላይ ነክሶ፣ ብረቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀርቷል። መኪናው ከጭነቱ ጋር ወደ ኋላ ሲንሸራተት ጎማው ሥር ድንጋይ የጣለው ሞገስ ነው። የዚያን ዕለት የሰማውን የብረት ከብረት መፋጨት በጥርሱ እያስመሰለ ያሰማኝ ነበር፤ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ቆጣሪ ከሌለ በምን ይቆጠር? በጾም ቆጠረው። የነቢያት፣ ዐቢይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፤ በየጾሙ መግቢያ ዘይት ይቀየራል። ሰው ይረሳል፣ ጾም ግን አይረሳም ይል ነበር። እዚህ ሰቆጣ የነበረ አንድ መካኒክ በዚህ ነገር ሲስቅበት ይውላል። "ሞገስ፣ ፒካፕህ የንስሐ አባት አላት?" ሲለው፣ "አንተ ከምታገኘው ሰው ይልቅ እሷ ትጾማለች" ይለዋል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ቅበላ ሲደርስ ሴቱ ሁሉ የቅቤውንና የሥጋውን ድስት በአመድ እየፈተገ ቅባቱን እስከ መጨረሻው ያጠፋል። ሞገስም ሞተሯ እንደ ድስቱ መጽዳት አለባት ብሎ አመነ። ስለዚህ ጾሙ ሰኞ የሚገባ ሲሆን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማፍሰሻውን ቡሎን ይፈታና ከሥሯ ሳፋ ይደቅናል፤ እሑድ ሰንበት ነው፣ ቁልፍ አይነካም፤ ያለ ቡሎን እንደተከፈተች እየተንጠባጠበች ትውላለች፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ቡሎኑን ገጥሞ አዲሱን ዘይት ይሞላል፣ ጾሙም ይገባል። እሷም ሰንበት ታርፍ ይላል። ሰው ሁሉ ይህን ወደደለት፤ ቄሱ ሳይቀሩ።

እንግዲህ የዐቢይ ጾም ቅበላ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነበር። አዲሱን ዘይት ሁልጊዜ የሚያመጣለት ከሰቆጣ የሚመጣው የገበያ መኪና ነው፤ ያን ጊዜ የሞተር ዘይት በቆርቆሮ ጣሳ ነበር የሚሸጠው፣ የጣሳው ዋጋ አንድ ደህና ጠቦት ይገዛል። የዚያን ቀን የገበያው መኪና አልመጣም። ማር የያዙት ሰዎች ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ተቀምጠው ቅላቸውን ተሸክመው ተመለሱ። ሞገስ ግን ካርቶን አንጥፎ ከፒካፗ ሥር ሊገባ ነው።

"አዲሱ ሳይመጣ ታፈሳለህ?" አልኩት።

"ነገ ይመጣል።"

"ነገ ባይመጣስ?"

"መምህርት፣ አንቺ ደግሞ ፈተና የምትፈትኚኝ ትመስያለሽ" አለና ገባ።

ቡሎኑ ሲፈታ ዘይቱ ጠቁሮ ወረደ። ጎረቤቶቹም እንደ ልማዳቸው ዕቃ ዕቃቸውን ይዘው መጡ። ያ አገር ምስጥ ነው፤ ምሰሶ ካልተቀባ በሁለት ክረምት ውስጡ ተበልቶ ዱቄት ይሆናል፣ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ምስጥ አያልፍበትም። የማን ተራ እንደሆነ ያውቃሉ። አያ ካሳዬ በጀሪካን፣ እትዬ ላቀች በቀለም ቆርቆሮ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በጣሳ ወሰዱ። ሳፋው ባዶውን ከሞተሯ ሥር ተመለሰ።

የሞገስ ታናሽ እህት ጥሩዬ በዚያው ሰሞን ከኛ ጋር ነበረች። ከገጠር መጥታ እኛ ቤት የከረመችው ለጤና ጣቢያው ቅርብ እንድትሆን ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነበር። አማርኛዋ ጥቂት ነበር፣ ከወንድሟ ጋር በኽምጥኛ ነው የሚያወሩት፤ ከእኔ ጋር በሳቅ እንግባባለን። ቅዳሜ ማታ ምጥ ያዛትና ጤና ጣቢያ አስገባናት። እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ሞገስ ደስ ብሎት በጉን ሊያርድ ቢላ እየሳለ ነበር። ድሬሰሩ አቶ ደምሴ ከጤና ጣቢያው ራሱ ወደ ግቢያችን መጣ። ሰው ልኮ አለማስጠራቱን ሳይ ሮጬ በሩ ላይ ተቀበልኩት።

"የእንግዴ ልጁ አልወጣም" አለ። "ደሟም አልቆመም። እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። ሰቆጣ መድረስ አለባት፤ አሁን፣ ሳይመሽ።"

ሞገስ ቢላውን እንደያዘ ፒካፗን ተመለከተ።

"ባዶ ናት" አለ።

"ምኗ?"

"ሞተሯ። ጠብታ የላትም።"

አቶ ደምሴ ነገሩ አልገባውምና ወደ እኔ ዞረ። የጤና ጣቢያው መኪና ሰቆጣ ጥገና ላይ ናት፤ የገበያው መኪና አልመጣም። በከተማው ያለችው መኪና ያቺው ሰንበት ያረፈችው ናት። ስነግረው ሞገስን ያየበት ዓይን አይረሳኝም።

ሞገስ ትናንት የሰጠውን ዘይት ከየቤቱ ልልቀም ሲል ወንዶች ተሰበሰቡ። የቅበላ ቀን ነው፣ እጃቸው የሥጋ ቅባት አለበት። አንዱ፣ "ዘይት ሲለቀም ከሚዋል በቃሬዛ እንነሣ" አለ። ሌላው፣ "በእግር ሰቆጣ? እስክንደርስ ደሟ ያልቃል" አለው። "እዚህ ተቀምጣስ?" ተባለ። ሞገስ ነው የቆረጠው። "ይዛችኋት ተነሡ። ከደረስኩባችሁ ደረስኩ፤ ካልደረስኩ አትቁሙ" አላቸው። ጥሩዬን ከጤና ጣቢያው ጋቢ አልብሰው ሲያወጧት ደጃፉ ላይ ነበርን፤ ፊቷ ከንፈሯ ድረስ ነጥቷል። ወንድሟን አየችና ፈገግ ልትል ሞከረች። እሱ ዓይኗን ሸሽቶ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ተነሥቶ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት።

አያ ካሳዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። "አያ፣ ትናንት የወሰዱት ዘይት አለ?" አላቸው።

"አለ። ሰንበት ነው ብዬ መቼ ነካሁት። ምን ሆነሃል?"

"ጥሩዬ ደም እየፈሰሳት ነው። መልሱልኝ።"

አዛውንቱ ጀሪካኑን ራሳቸው ይዘው ወጡ። "ውሰደው። ቤቱ ቢወድቅ ሌላ እንሠራለን" አሉ። ይህ ተስፋ ሰጠን። ሰንበት ነውና ሁሉንም ሳይነካ የምናገኘው መሰለን። ወፍጮ ቤት ስንደርስ ሰውየው ዘይቱን ከአመድ ጋር አቡክቶ የአህያውን ቁስል ቀብቶበታል፤ የቀረውም ጭቃ ሆኗል። እትዬ ላቀች ደግሞ ትናንት ሳይመሽ ቀብተው ጨርሰዋል።

"ምሰሶው ጠጥቶታል" አሉት። "ልፋቅልህ እንዴ?"

"ትንሽም አልተረፈም?"

"ከቆርቆሮው ግርጌ ያለችው ናት" ብለው ቆርቆሮውን ዘቅዝቀው ያዙ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው መውጣት ጀመሩ።

"እርስዎ ወዴት?"

"ሕፃኑን ማን ይይዘዋል? አንተ መሪ ትይዛለህ፣ እሷ እናቲቱን ትይዛለች። ሂድ ብቻ፣ አታስቁመኝ።"

ግቢያችን ተመልሰን ሞገስ ቡሎኑን ገጠመ፤ ዘይቱን ያጣራሁት በነጠላዬ ነው። የሰንበት ነጠላዬ ነበረች፣ ጥበቧ አረንጓዴ። አራት አጥፌ በላስቲክ ጠርሙስ አንገት ላይ ወጠርኳት፤ ሞገስ ከላይ ያንቆረቁራል፣ አሸዋውና የብረት ቅንጣቱ ነጠላዬ ላይ ይቀራል፣ ዘይቱ በዝግታ ይወርዳል። ምን ያህል በዝግታ እንደሚወርድ ልነግራችሁ አልችልም። ሞገስ ጀሪካኑን ቶሎ ያዘነብለዋል፤ "ቀስ፣ እንዳይፈስ" ስለው፣ "እየሄዱ ነው፣ እየሄዱ ነው" ይላል። ሲያልቅ ሞተሯ ውስጥ ገልብጦ መለኪያ ዘንጓን ስቦ በሸሚዙ ጠረጋት፣ መልሶ አጠለቃት፣ አወጣት። ዘይቱ ጫፏን ብቻ ነክቷል፤ ከታችኛው ምልክት እንኳ አልደረሰም።

"ይበቃል?" አልኩት።

"አይበቃም።"

"ታዲያ?"

"ግቢ" አለኝ።

ቃሬዛ የያዙትን ሰዎች የዳገቱ ግርጌ ላይ ደረስንባቸው። ጥሩዬን ከኋላ ወንበር አስተኝተን ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። አቶ ደምሴ ከእግሯ በኩል ተጨናንቆ ገባ፤ ግሉኮሱን በእጁ ወደ ላይ ይዞታል። እትዬ ላቀች ከጤና ጣቢያው የተረከቡትን ሕፃን አቅፈው ከፊት ተቀመጡ። ዳገቱን እንደጀመርን ከመሪው በስተጀርባ ያለችው ቀይ መብራት በራች።

ስለ ቀይዋ መብራት ሞገስ ቀድሞ አስተምሮኝ ነበር። መንዳት ሊያለማምደኝ በሞከረበት ሰሞን፣ "ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን አትርሺ። ቀይዋ ከበራች ዘይት አይደርስም ማለት ነው። ወዲያው ቁሚ፣ ወዲያው አጥፊ። ካለፍሽ ሞተሩ ራሱን ነው የሚበላው" ብሎኛል። አሁን በርታለች፤ እሱም አልቆመም። ዳገት ሲሆን ያለችው ጥቂት ዘይት ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ ሜዳ ስንወጣ ትመለሳለች፣ መብራቷም ትጠፋለች። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። መንገዳችን ደግሞ ዳገት በዳገት ነው።

"ይህ ቀዩ ምንድን ነው?" አሉ እትዬ ላቀች።

"የበር ነው እትዬ። በርዎን ደህና አድርገው አልዘጉትም።"

እትዬ ላቀች በሩን ገርበብ አድርገው ጓ አድርገው ዘጉት። አልጠፋም። ደግመው ዘጉት። በዚህ መካከል ሜዳ ላይ ወጣን፣ መብራቷ ጠፋች። "አሁን ገጠመ፣ ተመስገን" አሉ። ቀጥሎ ያለው ዳገት ላይ እንደገና በራች፤ እትዬ ላቀችም በሩን እንደገና በሙሉ ኃይላቸው ደበደቡት። "የማይረባ በር" አሉ፤ "ይኸ ሰውዬ ሞተር ሲያጥብ በሩን ረስቶታል።" አቶ ደምሴ ሳይወድ በአፍንጫው ሳቀ። ሕፃኑ እየደነገጠ ያለቅሳል። እኔ ግን የማዳምጠው ሌላ ነገር ነበር፤ ከሥራችን ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ። ሞገስ ጥርሱን ነክሶ ያሰማኝ የነበረው ነው። ቀና ብዬ በመስተዋቱ ሳየው ዓይናችን ተገጣጠመ።

ትልቁን ዳገት ስንወጣ መብራቷ በራች፤ ሜዳ ላይ ወጣን፣ አልጠፋችም። እትዬ ላቀች እጃቸውን ወደ በሩ ሲሰዱ ሞገስ ቆቡን አወለቀና መብራቷ ላይ ደፋት።

"ምነው ሸፈንከው?"

"ዓይኔን እየወጋኝ ነው።"

ጥሩዬ ጭኔ ላይ ሆና በኽምጥኛ አንድ ነገር ተናገረች። ቋንቋውን እምብዛም አልችልም፣ ይህን ግን አውቀው ነበር፤ "ወንድሜ፣ በረደኝ" ነው ያለችው። ነጠላዬ በዘይት ተነክራ ግቢያችን ውስጥ ቀርታለች፣ የምደርብላት የለኝም። ሞገስ መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ ኮቱን እጅጌ በእጅጌ አወለቀና ወደ ኋላ ወረወረልኝ። ያ ኮት ዛሬ እንደ ልብሱ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ቢኖር ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ለመልበስ የሚሆን አልነበረም። አቶ ደምሴ የእጇን ትርታ ይዞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እየቆጠረ መሰለኝ። በኋላ ስጠይቀው ዳዊት እየደገመ ነበር።

ሰቆጣ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ቅበላ ነውና በየደጃፉ ሰው ቆሟል፣ በየቤቱ ዘፈን ይሰማል። ያደግሁበት ሰፈር፣ ጸጉሬን የተሠራሁበት የእትዬ ዘነቡ ደጃፍ፣ ብስኩት የምገዛበት ማዕዘን ሁሉ በመስኮቱ አለፈ፤ አንዱንም አልለየሁትም። ሰው የሞተሯን ጩኸት ሰምቶ ከመንገዱ እየሸሸ አሳለፈን። ሐኪም ቤት በር ላይ ጥሩዬን ተቀብለው በአልጋ ገፍተው አስገቧት። አቶ ደምሴ አብሯት ገባ። እትዬ ላቀች ሕፃኑን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ።

ሞገስ ከመኪናዋ አልወረደም። ሞተሯንም አላጠፋም። ጭሱ ግቢውን ሞልቶታል፣ ዘበኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ "ወንድሜ፣ አጥፋ እንጂ፣ በሽተኛ እኮ ነው ያለው" አለው። አልሰማውም። ሄጄ በመስኮቱ በኩል ቆምኩ። የሞተሯ ድምፅ የሰው ጉሮሮ ላይ አጥንት የተሰነቀረ ይመስል ነበር።

"ለምን አታጠፋትም?"

"ከዚህ ወደ ወልድያ ውሰዷት ቢሉስ?" አለ፤ ዓይኑን ከሐኪም ቤቱ በር ላይ አላነሣም። "ከነግለቷ ካጠፋኋት ትነክሳለች። ዳግመኛ አትነሣም። አሁን ቢያንስ ትሄዳለች።"

"በዚህ ዘይት ወልድያ?"

"ትሄዳለች" አለ።

ገብቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ፣ ተመልሼ ወጣሁ፣ እንደገና ገባሁ። በሩ ተከፍቶ ነርሷ ስትወጣ መጀመሪያ ያየሁት ጓንቷን ነው፤ ከዚያ ፊቷን። "ወጥቷል" አለች። "ደሙም ቆሟል። በጣም ደክማለች፣ ደም የሚሰጥ ሰው ፈልጉ፤ ግን የትም አትሄድም፣ እዚሁ ናት።" እትዬ ላቀች ቁጭ ካሉበት ሳይነሡ ግንባራቸውን ሕፃኑ ላይ አደረጉ።

ወጥቼ ለሞገስ ነገርኩት። "ወጥቷል፣ ደሙ ቆሟል" ብዬ ደጋግሜ ነገርኩት፤ በሞተሯ ጩኸት የሰማኝ አልመሰለኝም። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ ጣቶቹ ነጥተዋል።

"የትም አትሄድም ተባለ፣ ሞገስ። አጥፋት።"

ራሱን ነቀነቀ፤ እጁ ግን ከመሪው አልተላቀቀም።

"አንቺ አጥፊያት" አለኝ።

በመስኮቱ እጄን በደረቱ በኩል አስገብቼ ቁልፉን አዞርኩት። ፒካፗ አንዴ ተንዘፈዘፈች፣ ዝም አለች። ሞገስ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። እኔም እጄን ሳላወጣ፣ ቁልፉን እንደያዝኩ፣ እስኪተነፍስ ጠበቅሁት።